በአድራሻው ውስጥ ያለው ባዶ ወንበር

በኡካያሊ ወንዝ ላይ፣ ከፑዌርቶ ሬሜዲዮ ከተማ ጀምሮ ሽቅብ እስከ ሳንታ ኤልቪራ ድረስ፣ የቴኦሊንዳ ታማኒን ድምፅ የማያውቅ ሰው የለም። ፊቷን ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ ሬዲዮ ጣቢያ ማይክራፎን ፊት ተቀምጣ የሰውን መልእክት ስታነብ ኖራለች። ስልክ በማይሠራበት ወንዝ ላይ ልጅ መወለዱ፣ ሰው መሞቱ፣ የጀልባ ሞተር መሰበሩ የሚሰማው በእሷ አፍ ነበር። "ዶን እገሌ፣ ልጅዎ በሰላም ገብቷል፤ ጫማውን ረስቶ ነው የመጣው፣ ላኩልኝ ይላል" ትላለች። ያልሰማ እንዲሰማ ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ ታነባለች።

በዚያ ጊዜ ሚስጥር የሚባል ነገር አልነበረም። ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ልጅ ፈተና እንደወደቀ፣ የማን አማት ልትመጣ እንደተነሣች ወንዙ በሙሉ ይሰማል። ሰው ያማርራል፣ ግን ሬዲዮኑን አይዘጋም። ደግሞም ባለጉዳዩ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ሳይሰማ ቢቀር ጎረቤቱ ሰምቶለታል፤ የሰማ ሰው ደግሞ ታንኳውን ይፈታና ይሄድለታል። ይህን ማንም ሕግ አድርጎ አላወጀውም፤ ሁሉም ግን ያደርገው ነበር።

ከዚያ አንድ ዝናባማ ቀን መብረቅ ማሠራጫውን መታው። ቤተ ክርስቲያኑ ሌላ የሚገዛበት አቅም አልነበረውም። በምትኩ አንድ የእርዳታ ድርጅት በየመንደሩ ምሰሶ ተከለ፤ በምሰሶው ላይ ድምፅ ማጉያ፣ ከሥሩ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ሳጥን። ሳጥኑ በሳተላይት ከኢንተርኔት መልእክት ይቀበልና ጮክ ብሎ ያነበዋል፤ መልስ ግን መላክ አይችልም። የምታነበው በማሽን የተሠራች የሴት ድምፅ ናት። አነጋገሯ የዋና ከተማውን የሊማን ሰው ስለሚመስል ሰዉ ወዲያው "ሊማዋ" ብሎ ስም አወጣላት። ሰው ሞተም፣ ዶሮ ጠፋም፣ ድምፅዋ የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ ከማንበብ አይለይም።

ዶኛ ቴኦ፣ ሰዉ ቴኦሊንዳን በአክብሮት የሚጠራት እንዲህ ነው፣ ከማይክራፎኑ ተነሥታ ከአንድ ስልክ ጋር ተቀመጠች። ከከተማው ሰው የመንደሩን ስም አስቀድሞ ወደዚያ ስልክ ይጽፋል፤ ስልኩም የደረሰውን ማሳወቂያ በአንድ የድር አድራሻ በኩል ያስተላልፋል። አድራሻውን ያስተማራት ከኢኪቶስ የመጣ ፋብሪሲዮ የሚባል ወጣት ባለሙያ ነበር። አድራሻው ረጅም ነው፣ በሰያፍ መስመሮች የተሞላ፤ በመካከሉ ሦስት ቦታ በጥምዝ ቅንፍ የታጠሩ ቃላት አሉ።

"እነዚህ ምንድን ናቸው?" አለችው ያኔ።

"ተለዋዋጭ ይባላሉ፣ ዶኛ ቴኦ። ባዶ ወንበር ናቸው በሏቸው። መልእክት ሲመጣ ስልኩ የመንደሩን ስም ያነሣና በመጀመሪያው ቅንፍ ያስቀምጠዋል። ሁለተኛው ለላኪው ነው፣ ሦስተኛው ለመልእክቱ። አድራሻው አንድ ነው፤ የሚቀመጥበት ነው የሚለዋወጠው።"

"በእኔ ቤት ባዶ ወንበር አይገኝም። ድመቷ ትቀመጥበታለች።"

ፋብሪሲዮ ሳቀ። እሷ ግን ነገሩን በደንብ ያዘችው። ለየመንደሩም የሬዲዮ ጣቢያውን ጀልባ ልካ፣ "ከእንግዲህ ለእናንተ የመጣው ብቻ ነው የሚሰማችሁ፤ የሰው ጉዳይ ከሰው ጆሮ ዳነ" ብላ አስነገረች። ብዙዎቹ ደስ አላቸው። አሮጊቶቹ ግን ከፋቸው፤ ምን ልንሰማ ነው አሉ።

ስለ ድምፅ ማጉያ አንድ ነገር መባል አለበት። ሊማዋ ከመምጣቷ በፊትም በየመንደሩ በባትሪ የሚሠራ አሮጌ ድምፅ ማጉያ ነበር፤ የመንደሩ ሹም የሚያነሣው ሰው ሲሞት፣ ወንዝ ሲሞላ፣ ልጅ ሲጠፋ ብቻ ነው። ያለ ጉዳይ ከጮኸ መዓት ይጠራል ብለው ያምናሉ። የሰው መንደር ድምፅ ማጉያ ላይ "ሄሎ፣ ሄሎ፣ ሙከራ" ብሎ የጮኸ አንድ የምርጫ ቀስቃሽ በአንድ ወቅት ታንኳው ተገፍቶ፣ ኮፍያው ቀርቶ ነው የሄደው። ዶኛ ቴኦ የዚያ ወንዝ ልጅ ናት፤ ይህን አሳምራ ታውቃለች።

እንግዲህ ነገሩ የሆነው አንድ ሐሙስ ነው። መልእክቶቹን ለየሳጥኑ የሚያደርሰው አገልግሎት ወደ ሌላ ኮምፒውተር ተዛውሮ ኖሮ አሮጌው አድራሻ በአዲስ መተካት ነበረበት። ፋብሪሲዮ በማለዳ ደወለና እያንዳንዱን ነገር ነገራት፤ እሷም አስገባች።

"አሁን ይሞክሩት፣ ዶኛ ቴኦ። በመጀመሪያው ቅንፍ ፋንታ የአንድ መንደር ስም ይጻፉና የሙከራ መልእክት ይላኩ። ከዚያ ስሙን አጥፍተው ቅንፉን ይመልሱት። ሳንታ ኤልቪራ ላይ ቢሞክሩት ጥሩ ነው፤ ከሁሉም ሩቁ እሱ ነው፣ እሱ ከሰማ ሁሉም ይሰማል።"

"የሰው መንደር በማለዳ ላስጮኽ?" አለችው። "ልጄ፣ አንተ የከተማ ሰው ነህ። እኔ በወንድሜ ላይ እሞክረዋለሁ። እሱ ቢደነግጥ ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው።"

ወንድሟ ሴጉንዶ የሚኖረው በትውልድ መንደራቸው በሳን ሁሊያን ነው፤ ከከተማው ትይዩ፣ ከወንዙ ማዶ። ነፋሱ ሲመች ድምፅ ማጉያው ከጣቢያው ደጃፍ ይሰማል። ዶኛ ቴኦ በባዶው ወንበር ላይ ሳን ሁሊያንን አስቀመጠች፤ "ሴጉንዶ፣ ቴኦ ነኝ፣ ሙከራ ነው፣ ይቅርታ" ብላ ላከች። ወጥታም ጆሮዋን ሰጠች። ሊማዋ ከማዶ፣ በዚያ ስሜት በሌለው ድምፅዋ፣ ይቅርታ ስትል ሰማቻት። ለብቻዋ ሳቀች። በዚያው ጎረቤቷ የተጠበሰ ሙዝ ይዛላት መጣች፤ ወሬ ተጀመረ፤ ሙዙ ተበላ። ቅንፉ አልተመለሰም።

ከቀትር በኋላ ዶፍ ወረደ፤ ከማዶ የሚመጣ ድምፅ አይሰማም። በዚያ ዝናብ ውስጥ ስልኩ ጮኸና መልእክት መጣ፤ ዶኛ ቴኦም አነበበችው።

"ሳንታ ኤልቪራ። ለአብኔር ካናኪሪ። አባዬ ቶሎ ውረድ፣ እማዬ ከብዷታል። አንተን ነው የምትለው። ከምንጫችን ውኃ በጠርሙስ ይዘህ ና፤ የዚህ ውኃ መድኃኒት መድኃኒት ይላል ትላለች። ዴልሲ።"

የአብኔርን ሚስት ሮሳውራን ዶኛ ቴኦ በስም ታውቃት ነበር። ልቧ ደክሞ ወደ ከተማው ጤና ጣቢያ የመጣች ሰሞን ባልዋ አብሯት ነበር፤ ተሽሏታል ሲሉት የካሳቫ እርሻውን ሊያይ ተመለሰ። ልጃቸው ዴልሲ ነበረች የቀረችው። ስልኩ ማሳወቂያውን ወደ አድራሻው አስተላለፈ፤ በስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ምልክት ወጣ። ደርሷል ማለት ነው። እውነትም ደርሶ ነበር፤ የት እንደደረሰ ግን አረንጓዴው አይናገርም።

ብዙም ሳይቆይ ዴልሲ ራሷ በስብሳ መጣች።

"አክስቴ፣ ሄደልኝ?"

"ደርሷል፣ ልጄ። አረንጓዴ ሆኗል። ይኸው እይው።"

"ስለዚህ ሰምቷል?"

"ሰምቷል። አባትሽን አላውቀውም? እስካሁን ታንኳው ላይ ነው። ሂጂና ለእናትሽ ንገሪያት።"

ዴልሲ እየሮጠች ሄደች፤ ለእናቷም ነገረቻት። ሮሳውራ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አልጋዋን ወደ በሩ አዙሩልኝ አለች።

በማግስቱ ጠዋት ሴጉንዶ ዓሣውን ሊሸጥ ተሻገረና እንደ ልማዱ በእህቱ ላይ ሳያሾፍ ላለማለፍ ጣቢያው ጎራ አለ።

"ቴኦ፣ ትናንት የሰው ሚስት ምን አድርጋሽ ነው ሞት አፋፍ ያደረስሻት?"

"የምን ሚስት?"

"ጠዋት 'ሙከራ ነው፣ ይቅርታ' አልሽ፣ ደግ። ከሰዓት በዚያ ዝናብ ሊማዋ ትነሣና 'ለአብኔር ካናኪሪ፣ አባዬ ቶሎ ውረድ' ትላለች። ሚስቴ 'ኧረ አብኔር የሳንታ ኤልቪራ ሰው ነው፣ ሂድና ጠይቅ' ብትለኝ፣ 'ተያት፣ ቴኦ አዲሱን መጫወቻዋን እየነካካች ነው' አልኳት። ግን እንዲህ ያለ ነገር ለሙከራ አይባልም እኮ። እናታችን ብትሰማሽ ትገርፍሽ ነበር።"

ዶኛ ቴኦ ክው አለች። ስልኩን ከፈተች፤ አድራሻውን እስከ መጨረሻው አነበበችው። በባዶው ወንበር ላይ ሳን ሁሊያን ተቀምጦ ነበር። ከሐሙስ ጠዋት ጀምሮ ለየመንደሩ የተላከው ሁሉ ወንድሟ ደጃፍ ነበር የጮኸው። ከሌሎቹ አንዱ ስለ አሳማ ነበር፣ አንዱ ስለ ልደት። አንዱ ግን ይኼ ነበር።

ሴጉንዶ ፊቷን አይቶ ቀልዱ አፉ ላይ ደረቀ። "እውነት ነው እንዴ?" አለ። "ቴኦ፣ እውነት ከሆነ እኔ እኮ ጀልባዬ ነዳጅ ነበራት። እሄድ ነበር። በሬዲዮው ጊዜ ቢሆን አንዴ ስትጠሪው ተነሥቼ እሄድ ነበር።"

እሷ እዚያው ስሙን አጠፋች፣ ቅንፉን መለሰች፣ የዴልሲን መልእክት ከነቃሉ እንደገና ላከች። አረንጓዴው ወጣ። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። ከበሩ ግን አላለፈችም፤ በመስኮቱ በኩል የሮሳውራን ፊት አየችው። ወደ በሩ ነበር የዞረው። ዶኛ ቴኦ ገብታ ልትናገር አስባ ሳትገባ ተመለሰች። ሃያ ዓመት የሰውን ሞት ያነበበ አፍ የራሱን ጥፋት ማንበብ አቃተው።

አብኔር በሳንታ ኤልቪራ ምሰሶ ሥር መልእክቱን ሰምቶ ወዲያው ተነሥቷል። ወንዙ ግን ወንዝ ነው፤ ቁልቁል ሲመጡበትም ቀኑን ይበላል። ሮሳውራ ቀትር ላይ አረፈች። ዓይኖቿን ዴልሲ ከደነችላት።

ዶኛ ቴኦ ወደ ጀልባ መቆሚያው ወርዳ በጭቃው ላይ ቆመች። ሌላ ሰው እንዲነግረው አልፈለገችም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ታንኳው ታየ፤ አብኔር ከኋላ ሞተሩን ይዟል፣ በጉልበቶቹ መሐል ጠርሙስ ቆሟል። ታንኳውን ሳያስር ነው የነገረችው።

"ዶን አብኔር፣ ባለቤትዎ ዶኛ ሮሳውራ ዛሬ ቀትር ላይ አርፋለች። መልእክቱ ትናንት ነበር የተላከው፤ በእኔ ጥፋት ሌላ መንደር ሄደ።"

ሰውየው አልተንቀሳቀሰም። ድምፅዋን ያወቀው ይመስላል፣ ፊቷ ግን እንግዳ ሆኖበት ያያታል። እንዳልሰማ ገመተች። እናም እንደ ሥራዋ ደገመችው፣ ቃል በቃል፣ ጥፋቷንም ጨምራ። ሁለተኛውን መናገር ከመጀመሪያው ይብሳል።

"የት ነው ያለችው?" አለ በመጨረሻ።

በጤና ጣቢያው በር ላይ ዴልሲ ቆማ ነበር። አባቷን አቅፋ አለቀሰች፤ ከዚያ ከትከሻው በላይ ዶኛ ቴኦን አየቻት።

"ደርሷል ብለሽኛል። እኔም መጣልሽ አልኳት። ሌሊቱን በሙሉ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትል ነበር። በሩን እያየች ሞተች። እኔ ነኝ የዋሸኋት፣ በአንቺ አፍ።"

ዶኛ ቴኦ አንገቷን ደፋች። አብኔር ገብቶ የጠርሙሱን ክዳን ከፈተ፤ የሸሚዙን ጫፍ አርሶ የሚስቱን ከንፈር አበሰ፣ ቀጥሎ ግንባሯን። የተረፈውን ውኃ አልደፋውም፣ ክዳኑን መልሶ ዘጋው።

ከቀብሩ በኋላ ዶኛ ቴኦ ስልኩን ለካህኑ አስረክባ ወደ ሳን ሁሊያን ተሻገረች። ለቀብሩ የመጣው ፋብሪሲዮ ከመሻገሯ በፊት፣ "ማንም ላይ የሚደርስ ስሕተት ነው፣ እኔም ብዙ ጊዜ ረስቻለሁ" አላት። ስለ ደግነቱ አመሰገነችው፤ ግን አልተጽናናችም። የእሱ መርሳት የሰው ሚስት በር እያየች እንድትሞት አላደረገም። በወንድሟ እርሻ ካሳቫ ማረም ጀመረች። ሴጉንዶ ማሾፉን ተወ፤ ለእሷ ከምንም በላይ የከበዳት እሱ ነበር። ድምፅ ማጉያው ሲጮኽ ሁለቱም ሥራቸውን ይጥላሉ፣ ለማን እንደሆነ እስኪሰሙ ይቆማሉ፣ ከዚያ ሳይተያዩ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ስልኩን ከካህኑ እስከ ዲያቆኑ የነካው ሁሉ አምታታው። የታመመ ሰው መድኃኒት ሳይደርሰው ቀረ፤ የአንዱ መንደር ሠርግ በሌላው ተጠራ። አንድ ቀን አብኔር ካናኪሪ በሳን ሁሊያን ወረደ። ዶኛ ቴኦ ከእርሻ ስትመለስ ደጃፏ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። የካሳቫ ጠላ በጣሳ አቀረበችለት፤ ተቀብሎ ቀመሰና አስቀመጠው።

"ሥራውን ተውሽ አሉኝ።"

"ተውኩት፣ ዶን አብኔር።"

"ታዲያ ማን ይሠራዋል? ሊማዋ ራሷ?"

"ሌላ ሰው ይማር። እኔ እጄ ይንቀጠቀጣል።"

"ይንቀጠቀጥ። የማይንቀጠቀጠውንማ አየነው፤ ባለፈው ሳምንት መንደሩን ሁሉ ለማናውቀው ሙሽራ አስጨፍሮ ነበር።" ቀጥሎ ወንዙን እያየ ተናገረ። "ፋብሪሲዮ ቀብር መጥቶ ነገረኝ። መጀመሪያ በሳንታ ኤልቪራ ሞክሪው ብሎሽ ነበር አለ።"

"ብሎኝ ነበር።"

"ለምን እምቢ አልሽ?"

"ትደነግጣላችሁ ብዬ። የሰው መንደር በከንቱ አይጠራም ብዬ።"

አብኔር ረጅም ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። "በእኛ ሞክረሽው ቢሆን፣" አለ፣ "ብትረሺውም የእኔ መልእክት ለእኔ ይመጣ ነበር።"

ዶኛ ቴኦ ይህን ቀድማ አስባው ነበር፣ በየቀኑ። ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማው ግን እንባዋ መጣ። እሱ እስክታበቃ ጠበቃት።

"ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ገና አላለፈልኝም። ግን አንድ ነገር እልሻለሁ። ተመለሽ። አድራሻው በተቀየረ ቁጥር በሳንታ ኤልቪራ ሞክሪው። የመንደሩን ሰው አነጋግሬያለሁ፣ ፈቅደዋል። ከእንግዲህ ምን ያስደነግጠናል? ጥሪኝ። በስሜ ጥሪኝ። ከሰማሁ በሚወርደው ጀልባ ውኃ እልክልሻለሁ፤ መድረሱን በዚያ ታውቂያለሽ።"

ተመለሰች። አድራሻው ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተቀይሯል፤ ባለሙያዎቹም ተቀያይረዋል። ሁሉም የሚያስቁ ወጣቶች ናቸው፣ ሁሉም አዲሱ አይበላሽም ይላሉ። እሷ ግን ሁልጊዜ በባዶው ወንበር ላይ ሳንታ ኤልቪራን ታስቀምጣለች፣ "ዶን አብኔር፣ እንደምን አደሩ" ትላለች፣ ስሙን አጥፍታ ቅንፉን ትመልሳለች። ከዚያ ሰው ኖረም አልኖረም አድራሻውን ጮክ ብላ ሁለት ጊዜ ታነበዋለች፣ ልክ እንደ ሬዲዮው ዘመን። ይህን እስክትጨርስ ድረስ ሙዝ ቢመጣላትም አትቀምስም። በሚቀጥለው ጀልባ የጀልባው ነጂ ጠርሙስ ይሰጣታል። በዴልሲ በኩል ግን ዝምታ ነበር። ከተማ ስትመጣ በጣቢያው በኩል አታልፍም፤ ገበያ ላይ ቢገናኙ ሌላ ረድፍ ትገባለች። ዶኛ ቴኦም አልፈረደችባትም።

ባለፈው የዝናብ ወራት አድራሻው እንደገና ተቀየረ። ዶኛ ቴኦ እንደ ልማዷ ላከች። ጀልባው መጣ፣ ነጂው ግን ምንም አልያዘም። ወደ ስልኩ ሮጣ ቅንፉን አየችው፣ በቦታው ነው። እንደገና ልትልክ ስትል በሩ ላይ ሰው ቆመ። ዴልሲ ነበረች፣ በእጇ ጠርሙስ።

"አባዬ ሰምቶሻል" አለች። "እግሩ ደክሟል፣ ወደ ምንጩ መውረድ አይችልም። እኔ ነኝ የቀዳሁት።"

ዶኛ ቴኦ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ተቀበለች። ዴልሲ የምትቀመጥበትን አጥታ ዙሪያዋን አየች፤ ድመቷ ወንበሩን ይዛለች። ዶኛ ቴኦ ድመቷን አነሣችና ወንበሩን አቀረበችላት።